ለድንች ልጣጭ፣ ሠላሳ አንድ ከመቶ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የከፈትሁበት ምክንያት አንድና አንድ ብቻ ነው። የልጅ ልጄ በምታስተዳድረው ድረ ገጽ ላይ ልብ ወለድ ለሚጽፉ ጀማሪዎች የምክር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ትናንት በይፋ ተጠይቄአለሁ፤ የተሰጠኝ ጊዜ አምስት ሳምንት ነው፤ ሥራው እንዴት እንደ ተከናወነም መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ያለ መዝገብ አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። “የቁልፍ ሠሪው ግንብ” የሚባል የቪዲዮ ጌም አለ። አንድ ቁልፍ ሠሪ ከበቅሎው ጋር ሰባት በሮችን እየከፈተ ወደ ግንቡ ጫፍ ይወጣል። ጌሙን የሚወዱ ሰዎች በግንቡ ውስጥ ስለሚኖሩት ሰዎች የየራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፤ የአድናቂ ልብ ወለድ ይሉታል። የሚከፍላቸው የለም። የሚያስገድዳቸውም የለም። ለምን እንደሚጽፉ ገና አልገባኝም።

“አባባ፣ ጀማሪዎቹ ይፈራሉ” አለችኝ የልጅ ልጄ። ዩኒቨርሲቲዋ ለቤታችን ስለሚቀርብ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። “አይዟችሁ የሚላቸው ሰው ነው የምፈልገው።”

“አይዟችሁ ማለት ምክር አይደለም” አልኋት።

“ይጻፍ፣ ይጻፍ” አለች ባለቤቴ ከታብሌቷ ቀና ሳትል። “አምስት ሳምንት እንኳ እኔ ከመታረም ልረፍ።”

ባለቤቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ጣቶቿ ስለሚደርቁባት የእጅ ሐኪሟ በየቀኑ እንድታንቀሳቅሳቸው አዝዟታል፤ ታብሌቱንም የልጅ ልጃችን የገዛችላት ለዚሁ ነው። ምን እንደምትነካካበት ጠይቄአት አላውቅም። የካርታ ጨዋታ ይመስለኛል።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

አንደኛው ምክር ተጻፈ፦ “በጌሙ ውስጥ የሌለውን ነገር አትጻፉ።” አጭር፣ ግልጽ፣ የማያሻማ።

ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አንብባ፣ “ታዲያ ምኑን ይጻፉት?” አለችኝ። ጥያቄዋ ከሥነ ጽሑፍ ጋር የማይገናኝ ስለሆነ አልመለስሁላትም።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የልጅ ልጄ፣ “አባባ፣ ሳይጫወቱ መምከር ሳይዋኙ ዋና ማስተማር ነው” ስላለችኝ ጌሙን ለመጫወት ተቀመጥሁ። መቆጣጠሪያው ዐሥራ አራት መጫኛ አለው። ሁለት አውራ ጣት ብቻ ላለው ፍጡር ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ የሠራው ሰው ያስረዳ።

በአምስተኛው ደቂቃ በቅሎዋ ግድግዳ ውስጥ ገባች። እስከ ወገቧ።

“ወደ ኋላ ይበሉ! ወደ ኋላ!”

ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብሁ።

“እርስዎ አይደሉም፣ አባባ! በቅሎዋ!”

ባለቤቴ ሳል እስኪይዛት ድረስ ሳቀች። ከዚያም ወደ እኛ ሳትዞር፣ “የግራውን አውራ ጣት ወደ ታች፤ ክቧን መጫኛ ሁለት ጊዜ” አለች። በቅሎዋ ወጣች። ካርታ የምትጫወት ሴት ይህን እንዴት እንዳወቀች አልገባኝም። ሴቶች በጆሯቸው ብዙ ነገር ይለቅማሉ።

በመጀመሪያው በር ላይ አንድ ዘብ ቆሟል። ለተጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው መልስ “ዛሬ አይቻልም” የሚል ብቻ ነው። ለመንሁት፤ አይቻልም። የበቅሎዬን ኮርቻ ልስጥህ አልሁት፤ አይቻልም። በዚያ ሁሉ ግንብ ውስጥ ሥራውን የሚያከብር ሰው እርሱ ብቻ ነው። ወደድሁት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ምክሬን በራሴ ላይ ልፈትን ብዬ አራት ገጽ ታሪክ ጻፍሁ። ቁልፍ ሠሪው አንደኛውን በር ይከፍታል። ቀጥሎ ሁለተኛውን ይከፍታል። ቀጥሎ ሦስተኛውን። እኔ ከዚያ አልፌ ስላላወቅሁ ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል። በውስጡ አንድም ስሕተት የለበትም።

“እንዴት አየሽው?” አልኋት የልጅ ልጄን።

“የመብራት ቆጣሪ ንባብ ይመስላል፣ አባባ።”

“ቆጣሪ አይዋሽም!”

“አይዋሽም፤ ግን ቆጣሪ እያነበበ ያለቀሰ ሰው አይተው ያውቃሉ?”

“ክፍያው ሲመጣ አይተናል” አለች ባለቤቴ። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ድረ ገጹ ላይ ተለጠፈ። እስካሁን ያነበቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ለጀማሪ የሚሆነውን ምክር ለማወቅ የጀማሪን ጥፋት ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ዐሥራ አራት ታሪኮች አነበብሁ፤ በያንዳንዱም ሥር በአስተያየት መስጫው ላይ ከመቶ የሚታሰብ ውጤት አሰፈርሁ። ይህን ያደረገ ሰው ከእኔ በፊት እንዳልነበረ ሳይ ገረመኝ። እነዚህ ልጆች ያለ ውጤት እንዴት ኖሩ?

ከፍተኛው 58። በቅሎዋ እንድትናገር ያደረገ አንድ ልጅ 22 አግኝቷል። ንግግሯ ግን ጨዋ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዛሬ የታረመው አንድ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሰባት ምዕራፍ አለው፤ ከሁሉም ታሪኮች የበለጠ አንባቢ ያለውም ይኸው ነው። መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ይከታተለዋል። ጸሐፊው ራሱን “የድንች ልጣጭ” ብሎ ይጠራል። ወላጅ ያወጣው ስም ስላልሆነ አልቀነስሁበትም።

ታሪኩ ስለ ዘቡ ሚስት ነው። ዘቡ በጌሙ ውስጥ ሚስት የለውም፤ ሰባቱንም በሮች አስሼ አረጋግጫለሁ (በእውነቱ ሦስቱን)። ለሌለች ሚስት አርባ ቀነስሁ። ይህ ዘብ ከሥራ ሲመለስ ነጠላ ጫማዎችን በግድግዳው ልክ ያሰልፋል፤ በመድኃኒት ጠርሙሶች ላይ ያለውን ጽሑፍ በእስክሪብቶ ያርማል፤ ሚስቱ “ደከመኝ” ስትለው “ከምን?” ይላታል። “የተጋነነ ገጸ ባሕርይ፤ እንዲህ ያለ ባል በምድር ላይ የለም” ብዬ ዐሥራ አምስት ቀነስሁ። ሚስትየዋ የግንቡ አዋላጅ ናት። ስለ ምጥ የተጻፈው ሁሉ እንግዳ በሆነ መንገድ ትክክል ነው፤ አንድ ጎረምሳ ይህን ከየት ያውቃል? “ከኢንተርኔት የተገለበጠ”፣ ዐሥር። በታሪኩ አናት ላይ ደግሞ “እንዲሁ አንብቡልኝ” የሚል ትርፍ ዐረፍተ ነገር ተቀምጧል፤ አራት።

ሠላሳ አንድ ከመቶ። “ይደገም” ብዬ ፈረምሁበት። ከዚያም በበሩ ላይ የተዘበራረቁትን ነጠላ ጫማዎች አሰልፌ ወደ ምሳ ገባሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ባለቤቴ ቁርስ ላይ አልተናገረችም። ጥርሷ ሊሆን ይችላል። ምሳ ላይ ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅላ አቀረበችው። አስተያየት ልሰጥ አስቤ ተውሁት። ዝም አይነቅዝም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ባለቤቴ ፍራሿን ወደ ልብስ ስፌት ክፍሏ አዛወረች።

“ማንኮራፋትህ ነው” አለች።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንኮራፍቻለሁ። ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር ተገኘበት?

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ከቤተ መጻሕፍት ተመልሳ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ መጣችብኝ።

“አባባ፣ ምን አደረጉ?”

“ለየትኛው?”

“ለሁሉም! ዐሥራ አምስት ሰው! በቅሎዋን ያናገራት ልጅ እኮ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ ጻፈችልኝ።”

“ለዐሥራ ሁለት ዓመት 22 መጥፎ አይደለም።”

ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ከዚያም እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። በዚያ ድረ ገጽ ላይ ወግ አለ። ጸሐፊው በታሪኩ አናት ላይ “ምክር እቀበላለሁ” ብሎ ከጻፈ ይመከራል፤ “እንዲሁ አንብቡልኝ” ብሎ ከጻፈ ግን ይነበባል፣ የወደዱት ይነገረዋል፣ ካልወደዱትም በጸጥታ ይታለፋል። ይኸው ነው። እኔ አራት ነጥብ የቀነስሁበት ዐረፍተ ነገር ትርፍ አልነበረም፤ የቤቱ ደጃፍ ነበር። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት።

“ማንም አልነገረኝም” አልሁ።

“እንኳን ደህና መጡ በሚለው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል።”

አንብቤው ነበር። አራት ነጠላ ሰረዝ ጎድሎታል ብዬ መልእክት ልኬላታለሁ። ስለ ምን እንደሚያወራ ግን አላስተዋልሁም። ይህን ለእርሷ አልነገርኋትም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ቸኩያለሁ። ሐኪም ቤት፣ የባለቤቴ ቀጠሮ። ድረ ገጹ ላይ ስም ወጥቶልኛል፦ “አቶ ከመቶ”። አንዱ፣ “አቶ ከመቶ ሲወለዱ አዋላጇን ስንት ሰጧት?” ብሎ ጽፏል። ዘጠና ሁለት ሰው ስቆበታል። ለባለቤቴ በታክሲ ውስጥ ነገርኋት። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ “ጥለዋት ይሆናል” አለች።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

የድንች ልጣጭ መሰናበቻ ለጥፏል። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

“ወዳጆቼ፣ ምዕራፍ ስምንት አይመጣም። ሠላሳ አንድ ማለት ወድቄአለሁ ማለት ነው፤ በእኔ ዕድሜ ደግሞ ክፍል አይደገምም። ስላነበባችሁልኝ አመሰግናለሁ። ስጽፍ እጄን አያመኝም ነበር።”

መቶ ዐሥራ ሁለቱም አንባቢዎች አዝነዋል። ብዙዎቹ እኔን ይረግማሉ፤ አንዳንዱ እርግማን በሚገባ የተዋቀረ ነው።

የዕድሜው ነገር ግራ አጋባኝ። የእጁም።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ታብሌቱ ከዓርብ ጀምሮ በመሳቢያ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ የማር ማሰሮውን ክዳን መክፈት አቃታት። ልርዳሽ አልኋት። “ተወው፤ ማር አላማረኝም” አለች። የእጅ ሐኪሟ ረቡዕ ዕለት ጣቶቿን እያጠፈ፣ “ምነው? በጥሩ ሁኔታ እየተሻለዎ አልነበረም እንዴ?” ሲላት፣ “ሥራ ፈቱ” ያለችው ትዝ አለኝ።

የልጅ ልጄን ወጥ ቤት አገኘኋት።

“የድንች ልጣጭ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?”

“አስተዳዳሪ የጸሐፊን ስም አያወጣም። ሕግ ነው።”

“ሕግ ከሆነ አልጠይቅሽም።”

“ሕግ ሲሉዎትማ ፊትዎ ይበራል!” ሳህኑን አስቀመጠች። “አባባ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?”

“አስተምሬዋለሁ።”

“እንግዲያው ይሠሩበት” ብላኝ ወጣች።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሰባቱን ምዕራፎች እንደ ገና አነበብሁ። እስክሪብቶ ሳልይዝ ማንበብ እንደዚህ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። እጅ የሚያርፍበት ያጣል።

በምዕራፍ አምስት የዘቡ ሚስት እራት ላይ ቀኑን ሙሉ ያየችውን ለባሏ ታወራለታለች። መንታ ሲወለድ አባትየው በደስታ ግራ ተጋብቶ አንዱን ልጅ ለጎረቤት አቀብሎ የሌላውን ስም ሲጠራ። ዘቡ በየመሐሉ፣ “‘ከሰዓት’ ሳይሆን ‘ከሰዓት በኋላ’ በይ፤” “መንታ ከሆኑ አንዱና ሌላው በይ” ይላታል። በሦስተኛው ቀን ሚስትየዋ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ታሪኳን በረት ወርዳ ለበቅሎዋ መንገር ጀመረች። “በቅሎዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ ታዳምጣለች፤ አታርምማ።”

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ድምፅ አውጥቼ። ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር ለማንበብ መነጽሬን ሁለት ጊዜ መጥረግ ነበረብኝ። አቧራ ነበረበት።

በምዕራፍ ሰባት መጨረሻ ላይ ዘቡ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ የበሩን ቁልፍ ቀይራዋለች። በሩን ሊያንኳኳ እጁን ያነሣል፤ ዕድሜ ልኩን በር ሲጠብቅ እንጂ በር ሲያንኳኳ ስላልኖረ፣ እንዴት እንደሚንኳኳ አያውቅም። እጁ በአየር ላይ እንዳለ ምዕራፉ ያልቃል። ምዕራፍ ስምንት የለም። የሌለውም በእኔ ምክንያት ነው።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

እንቅልፍ አልመጣም። አልጋው ሰፋብኝ።

አንድ ነገር ልጻፍ። ከሌላው ጉዳይ ጋር ግንኙነት የለውም። ሳንጋባ በፊት፣ እኔ በሩቅ ከተማ ሳስተምር፣ ባለቤቴ አንድ ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። ሦስት ገጽ። የመጀመሪያ የሌሊት ተራዋን፣ በእጇ ያዋለደቻትን የመጀመሪያ ሴት፣ በመጨረሻም እኔን እንደምትናፍቅ። የወጣት መምህር ኩራት ይዞኝ፣ በቀይ ቀለም አርሜ መለስሁላት። በኅዳጉም ላይ “ጥሩ ሙከራ” ብዬ ጻፍሁ። እንደ ፍቅር ነበር የቆጠርሁት፤ የሌላ ሰው ጽሑፍ ያን ያህል ጊዜ ወስጄ አርሜ አላውቅም።

አገባችኝ። ቂም አልያዘችም፤ ቢያንስ እንዲህ አስብ ነበር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቃል ጽፋልኝ አታውቅም። የገበያ ዝርዝር እንኳ በቃሏ ነው የምትነግረኝ። የልደት ካርድ ላይ ትፈርምና ሌላውን ባዶ ትተወዋለች። እኔ መጻፍ የማትወድ ሰው ናት እያልሁ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ቀይ ቀለም ሲያመልጥም እንደዚያው ነው።

የድንች ልጣጭ ማን እንደሆነ አላውቅም። ይህ እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ። አልጠየቅሁም፤ አልተነገረኝም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

የሰጠኋቸውን ውጤቶች በሙሉ አጠፋሁ። የማጥፊያውን ቦታ ያሳየችኝ የልጅ ልጄ ናት። ለዐሥራ አምስቱም የየራሳቸውን ይቅርታ ጻፍሁ። በቅሎዋን ያናገራት ልጅ ወዲያው መለሰልኝ፦ “ችግር የለም አቶ ከመቶ። በቅሎዋ ሰላም ብላዎታለች።” ሰላምታዋን በአክብሮት ተቀብያለሁ አልሁት።

የድንች ልጣጭ አልመለሰም። ታብሌቱ በመሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ላያየው ይችላል። የሰውዬው ታብሌት ማለቴ ነው። ሰውዬው ታብሌት ካለው።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ምክሩ እንደ አዲስ ተጻፈ። አንደኛውን ምክር ሰርዤ በምትኩ እንዲህ አልሁ፦

“ጀማሪ ሆይ፣ መጀመሪያ ጌሙን ተጫወት፤ በቅሎህ ግድግዳ ውስጥ ብትገባም አትፈር፤ የሁሉም ገብታለች። ጌሙ የሚያሳይህን አትገልብጥ፤ እርሱን ሁሉም አይቶታል። ዘቡ ከሥራ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቅ። ጌሙ ዝም ያለበት ቦታ ያንተ ቦታ ነው። ዘቡን ግን ዘቡ አድርገህ ተወው፤ ሚስት ስትሰጠውም ‘አይቻልም’ ማለቱን አትቀማው፤ ቤቱ ድረስ ይዞት ይሂድ፤ ምን እንደሚያስከትልበት አሳየን። የምታውቀውን ሥራ አስገባበት፤ አዋላጅ ከሆንህ አዋልድ። አጭር ጀምር። ስትጨርስ ለጥፈው፤ ፍጹም እስኪሆን ከጠበቅህ አርባ አንድ ዓመት ያልፋል። የሌላውን ስታነብ ደግሞ በመጀመሪያ አናቱን እይ፤ ‘እንዲሁ አንብቡልኝ’ ካለ፣ እንዲሁ አንብብለት።”

ለባለቤቴ በስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። የስፌት መኪናው ቆመ።

“ማነው የጻፈው?” አለች ከውስጥ።

“እኔ።”

“ታመሃል እንዴ?” አለች። መኪናው እንደ ገና ጀመረ፤ ግን ቀስ ብሎ ነበር።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ዛሬ የተላከ ደብዳቤ ቅጂ፦

ለተከበሩ የድንች ልጣጭ፣

አድራሻዎን ስለማላውቅ፣ ይህን ደብዳቤ በቤታችን የልብስ ስፌት ክፍል በር ሥር አሾልኬዋለሁ፤ ከዚያ ወደ እርስዎ የሚደርስበት መንገድ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

ሥራዎን ያለ ፈቃድዎ አርሜአለሁ። የሰጠሁዎት ውጤት የእርስዎን ድክመት ሳይሆን የእኔን የንባብ ችሎታ የሚያሳይ ነው። በተለይም “እንዲህ ያለ ባል በምድር ላይ የለም” ማለቴ መሠረት የሌለው ነበር። ጉዳዩን በቅርብ አጣርቻለሁ። አለ።

ሁለት ልመና አለኝ። የመጀመሪያው፣ ሰኞ በሚወጣው የምክር ጽሑፍ ውስጥ በረት ውስጥ የተወራውን ታሪክ ለጀማሪዎች ምሳሌ እንዳደርገው ይፍቀዱልኝ፤ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ አንድ ፊደል አይነካበትም። ሁለተኛው፣ ምዕራፍ ስምንትን ይጻፉ። መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው እየጠበቀዎት ነው፤ ከእኔ ጋር መቶ ዐሥራ ሦስት። ዘቡን ወደ ቤት ያስገቡት አልልም፤ እርሱ የእርስዎ ውሳኔ ነው። እጁን አንሥቶ እንደ ቆመ ግን ብዙ ቀን ሆነው፤ ቢያንስ እንዴት እንደሚንኳኳ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል።

መልስዎን እስከ እሑድ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን ድረስ እጠብቃለሁ። የቃል መልስ አይበቃኝም፤ በእጅ ጽሑፍዎ ይሁንልኝ። አንድ መስመርም ቢሆን፣ የገበያ ዝርዝርም ቢሆን፣ እንዲሁ አነብበዋለሁ።